ሃያኛዋ ውሻ

ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኃይለሚካኤል፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ልደታ ማርያም ትመስገን። አንተንም ከሰው ክፋትና ከሻርጃ ፀሐይ ትጠብቅህ።

ብትደውልም አልሰማህም፤ ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እንነጋገር። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ነጋ ደብዳቤዬን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል፤ የአንተንም አትሞ ያመጣልኛል።

በቅድሚያ ቁጣዬን ላውጣ። አብሮህ ሻርጃ ያለው ሰላሁን ለዕረፍት መጥቶ ቤቴ ገብቶ ነበር። «የኃይሌ ሆቴል እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቀው «የቱ ሆቴል? የውሻና የድመት ማረፊያ ነው እንጂ» አለኝ። አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ «ሆቴል ነው የምሠራው» እያልክ ስትጽፍ፣ እኔ ደግሞ ለዕድርተኛው ሁሉ ክራባት አስሬህ ሳወራ ነበር። ምን አሳፈረህ? እኔ ያሳደግኩህ ልጅ ከውሻ ሥር መጥረግ ታፍራለህ?

አሁን ግን ያ ያፈርክበት ሥራ ለእኔ በጣም ተፈልጓል። ከወረዳ ወረቀት መጥቶልኛል። በአንድ ግቢ ብዙ ውሻና ድመት የሚያኖር ሰው ከእንግዲህ ፈቃድ ማውጣት አለበት ይላል። ለእያንዳንዱ ውሻ በቂ ቦታ፣ ለድመቶቹ የተለየ ክፍል፣ የክትባት ማስረጃ፣ መዝገብ፣ ውል የገባ የእንስሳት ሐኪም። እስከ ኅዳር 30 ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል። ያላሟላ ግቢ እንስሳቱ «ይነሳሉ»። ወዴት ነው የሚነሱት ብዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊው ወረቀቱን ግራና ቀኝ አገላብጦ «እሱ አልተጻፈም» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ታውቀዋለህ፣ እኔ ውሻ ልሰብስብ ብዬ አልተነሳሁም። ሰንጋ ተራ ሲፈርስ ሰው ዕቃውን ጭኖ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ ውሻው ፍርስራሹ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ኮንዶሚኒየም ውሻ አያስገባም። አንዱን ሳስገባ ሌላው ተከተለ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ውሻና አሥራ አንድ ድመት አለኝ። የሟቹ ባለቤቴ የእንጨት ሥራ ቤት እንዳለ የእነሱ ነው።

እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ጻፍልኝ። ቁጥር ያለበት የአንገት ማሰሪያ ሃያ ያህል ወደዚህ በሚመጣ ሰው ላክልኝ።

አክስትህ ትርፌ


ሻርጃ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት አክስቴ ለእትዬ ትርፌ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በሆቴሉ ነገር ይቅር ይበሉኝ። መጀመሪያ ያልኩት በቀልድ ነበር፤ በኋላ ክራባት ሲያስሩልኝ እንዴት ልፍታው?

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ውሻው ቆሞ ጭንቅላቱ ጣሪያ የማይነካበት፣ ዞሮ የሚተኛበት ቦታ ይበቃል። ወለሉ እንዲደርቅ ትንሽ ተዳፋት ያድርጉለት። ድመቶቹ ውሾቹን ማየት የለባቸውም፤ በመካከል ላሜራ ይግባበት፣ ሽቦ አይበቃም። ከሁሉ በላይ አደራ የምልዎት አንዲት ክፍል ባዶ ይተዉ። አዲስ የመጣ እንስሳ ሃያ አንድ ቀን እዚያ ለብቻው ይቆይ፤ ሳህኑም የራሱ ይሁን። እኔ እዚህ ስገባ ይህን የፈረንጅ ቅብጠት ነው ብዬ ነበር። አሁን አልልም።

ስለ ንክሻ ደግሞ ልብ ብለው ያንብቡኝ። እዚህ ጥርስ ቆዳ ከነካ፣ ጭረትም ቢሆን፣ የዚያኑ ዕለት ይጻፋል። ሰውየው ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ውሻው አሥር ቀን ለብቻው ይጠበቃል። የደበቀ ይባረራል። አብሮኝ ያድር የነበረ ልጅ በዚህ ተባርሯል።

መዝገቡን ሲጀምሩ ገጹን ይላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን። ማሰሪያዎቹን ገዝቻለሁ።

የልጅነት ክብሬን ጉልበትዎ ላይ አኑሬ፣
ኃይለሚካኤል


ልደታ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኃይሌ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ያሰብከው ይሙላልህ። ማሰሪያዎቹ ደርሰዋል። ውሾቼ ቁጥር ካሰሩ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ መስለዋል።

በያጁ ነስረዲን ላሜራውን አቆመልኝ። የሥራውን ዋጋ ስጠይቀው «እናቴ ጥላው የሄደችውን ውሻ ማን ያበላል?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ድመቶቹ ከውሾቹ ጋር ከተለያዩ ወዲህ አመላቸው ተለውጧል፤ አንዷ እንዲያውም ወፍራለች። ዶክተር ቶሌሳ ውል ፈርሞልኛል። አሥራ ዘጠኙንም ነሐሴ ላይ እሱ ስለከተባቸው ማስረጃቸው ሙሉ ነው።

ባዶዋ ክፍል ግን ባዶ አልቀረችም። አትቆጣ። ሰንጋ ተራ ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩ ፈረንጅ ባልና ሚስት ጥቅምት መጨረሻ ላይ አገራቸው ሲገቡ ውሻቸውን አምጥተው እጄ ላይ ጥለዋት ሄዱ። ሴትዮዋ እያለቀሰች ነበር፤ ምን ልበላት? ቢጫ ናት፣ ሎሚ አልኳት። ጆሮዋ ላይ አዲስ ጠባሳ አለ፤ ከግንባታው ግቢ ውሾች ጋር ተናክሳ ነው አሉ። በአንተ ትእዛዝ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ፤ ከሌሎቹ ጋር በአፍንጫም አልተገናኘችም።

ደግሞ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት፤ ማኅተም ያለበት የክትባት ደብተር አላት! የተጻፈው በፈረንጅ ቁጥር ስለሆነ ሰባት ቀንሼ ወደ እኛ መለስኩት። የእብድ ውሻ ክትባቷ እስከ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ይሠራል። መዝገቡ ላይ ሃያኛው ረድፍ የእሷ ነው፤ ገጹን ነጋ አብሮ ልኮልሃል። ጽሕፈቴን አድንቅልኝ።

ትርፌ


ሻርጃ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ። መዝገቡን አይቼው ኮራሁ፤ የእኛ አለቃ እንኳ እንዲህ አያሰምርም። ለጓደኞቼ አሳየሁት፣ አንዱ «አክስትህ ባንክ ነበር የሚሠሩት?» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ተቆጣጣሪ መዝገብ ብቻ አያይም፤ ዋናውን ደብተር አምጡ ይላል። የሎሚን ደብተር ገጽ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ጠባሳው ደግሞ አልወደድኩትም። እስኪጣራ ድረስ እጅዎን ወደ አፏ አያስጠጉ፤ ሳህኗን በረጅም እንጨት ይግፉላት።

ኃይለሚካኤል


ልደታ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኃይለሚካኤል፣

እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቱ የነጋ ነው፤ እኔ እየነገርኩት ይጽፋል። እጄን ትንሽ ስላመመኝ ነው፤ ብርድ ይሆናል።

ተቆጣጣሪዋ ልትመጣ ስድስት ቀን ቀረው። ግቢው ታጥቧል። ማሰሪያ አያስፈልገኝም፣ ምንም አትላክ። የምፈልገው ሁለት ነገር እንድትነግረኝ ብቻ ነው። አንደኛ፣ መዝገብ ላይ የነበረ ውሻ በኋላ ከሌለ ተቆጣጣሪ ምን ብሎ ይጠይቃል? ሁለተኛው የራሴ አይደለም፤ አንዲት ጎረቤት ጠይቂልኝ ብላኝ ነው። ምግብ የተወ፣ ውሃ ሲቀርብለት የሚሸሽና ለሐጩ የሚዝረበረብ ውሻ ክትባቱ ካላለፈ በሌላ በሽታም እንዲህ ይሆናል አይደል?

ሎሚ ወደ ባለቤቷ ተመልሳለች። መዝገቡ ላይም እንዲሁ አስገብቼዋለሁ። የጠየቅከኝ የደብተሩ ገጽ ይኸው።

ትርፌ


ሻርጃ
ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ሰላምታውን ተይው። ነጋ፣ ወንድሜ፣ ይህን ወረቀት ስታትም እዚያው አታስቀምጥ፤ ሮጠህ ስጣት።

ደብተሩ ላይ ያለው 20/4/2025 ነው። ዓመቱ ላይ ሰባት ቀነስሽ፣ ወሩን ግን እንዳለ ተውሽው። የፈረንጅ አራተኛ ወር ታኅሣሥ አይደለም፤ ሚያዝያ ነው። ክትባቷ ያለፈው ባለፈው ሚያዝያ 12 ነው። ሎሚ አንቺ ቤት ስትገባ ስድስት ወር ሙሉ ምንም መከላከያ አልነበራትም። ጠባሳዋን ደግሞ አስቢው።

ባለቤቶቿ አገራቸው ገብተዋል ብለሽ የጻፍሽልኝ ራስሽ ነሽ። ታዲያ ለማን ተመለሰች? ጎረቤትሽ ማን ናት? እጅሽን የነካው ብርድ ጥርስ አለው?

አንቺ እያልኩሽ ነው፤ አውቃለሁ። እርስዎ ማለት አሁን አልቻልኩም። ይህ በሽታ ከጀመረ መድኃኒት የለውም። ከመጀመሩ በፊት ግን መርፌ አለው፤ ቢዘገይም ይሰጣል። ዛሬ፣ ይህን እንዳነበብሽ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ውሻ ነከሰኝ፣ ውሻዋ ሞታለች በያቸው። ሞታለች አይደል?

ፈቃዱ ገደል ይግባ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቅጂና ጠጪ። ጉሮሮሽ እሺ ካለ ጻፊልኝ።

ኃይሌ


ሻርጃ
ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክስቴ፣

አራት ቀን። የነጋ ስልክ ዝግ ነው። ሰላሁን ወደዚህ ተመልሷል፤ ያንቺን ሰፈር የሚያውቅ ሌላ ሰው በእጄ የለም። የነስረዲንን ስልክ የማውቀው መስሎኝ ስደውል ሌላ ሰው አነሳና ሰደበኝ። አለቃዬ ፈቃድ ከልክሎኛል፤ ቢፈቅድልኝም ፓስፖርቴ እሱ ጋ ነው።

ዛሬ ጠዋት የአንዱን ውሻ ሳህን ሳጥብ ድንገት አለቀስኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ውሻው የሞተ መሰላቸው።

በማርያም ይዤሻለሁ፤ አንድ ቃል ጻፊ።

ኃይሌ


ልደታ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኃይሌ፣

በሕይወት አለሁ። መጀመሪያ ይህን አንብብና ተቀመጥ።

ነጋ ለቅሶ ደርሶት ወደ አገሩ ሄዶ ነበር፤ ስልኩም በመንገድ ጠፍቶበታል። ቁጥሩን በሌላ ስልክ አስወጥቶ ሱቁን የከፈተው ከትናንት ወዲያ ነው። ሁለቱንም ደብዳቤ በአንድ ላይ አምጥቶ ሰጠኝና ፊቴን እያየ ቆመ። አንብቦታል፤ ልቆጣው አልቻልኩም።

ኅዳር 14 ቀን ነው የነከሰችኝ። እንጨቱን ትቼ በእጄ ውሃ ልቀይርላት ገባሁ። አውራ ጣቴን ያዘችኝ። ጥፋቷ አይደለም፤ ዓይኗ የሷ አልነበረም። በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት። ልደታ ሄጄ ጠበል ተጠመቅሁ። በአራተኛው ቀን ሞታ አገኘኋት፤ ነስረዲን ጉድጓድ ቆፈረልኝ። ለዶክተር ቶሌሳ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ማሳወቅ ግዴታው ነው።

ለምን ደበቅሽ ትለኛለህ። ያንን «ይነሳሉ» የሚለውን ቃል ነው የፈራሁት። አንዲት ውሻ በዚህ በሽታ ሞተች ከተባለ አሥራ ዘጠኙ ምን ይሆናሉ? ቁጥር አስሬላቸው፣ በቁጥራቸው ጠርተው ሲወስዷቸው ልቁም? ደብተሩን ደግሜ ደግሜ አየሁ፤ ታኅሣሥ 20 ይላል። እንግዲያው ሌላ በሽታ ነው አልኩ፤ ማመን የፈለግሁትን አመንኩ። አንተ ሦስት ዓመት ደበቅከኝ፣ እኔ ሃያ ቀን። የእኔ ግን ገዳይ ነበር።

ትናንት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ጆሮዬ ስለማይሰማ ነጋ አብሮኝ ገባ፤ ሐኪሙ የሚለውን እየጻፈ ያሳየኝ ነበር። «ዘግይተዋል፤ ቢሆንም እንጀምር» ብሎ ጻፈልኝ። የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋሁ። አራት ይቀረኛል፤ የመጨረሻው ጥር 1 ነው። ሐኪሙ ለወረዳ አሳውቃለሁ ብሏል። አትንገርባቸው ብዬ ልለምነው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ተቆጣጣሪዋ በኅዳር 30 አልመጣችም፤ ለታኅሣሥ 15 ተዛውሯል። ዛሬ መዝገቡን አወጣሁ። ሃያኛው ረድፍ ላይ «ወደ ባለቤቷ ተመለሰች» የሚለውን ሰረዝኩና ከሥሩ እውነቱን ጻፍኩ። ጣቴ ስላልዳነ ጽሕፈቱ ጠማማ ነው።

ፈርቻለሁ ኃይሌ። ከዚህ በፊት እንዲህ ብዬ የጻፍኩልህ አይመስለኝም። አንቺ ስትለኝ ግን በአምስት ዓመትህ ቀሚሴን ይዘህ ስትጮህ ሰማሁህ፤ እንደዚያው በለኝ።

አክስትህ


ሻርጃ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ሦስቴ አነበብኩት። በሕይወት አለሁ የሚለውን ገጽ አትሜ ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ልቆጣሽ ነበር፤ በምን አፌ። እኔ ነኝ የደበቀ ይባረራል ብዬ ያስፈራራሁሽ። ሐኪም ቤት ሂጂ የሚለውን አስቀድሜ፣ ደጋግሜ መጻፍ ነበረብኝ።

ሎሚ ለብቻዋ መቀመጧን ለተቆጣጣሪዋ ንገሪያት። የገባችበትን ቀን፣ የሳህኗን ነገር፣ ሁሉንም። አሥራ ዘጠኙን የሚያድናቸው እሱ ብቻ ነው። መርፌሽን አንድም ቀን አታሳልፊ። ራስ ምታት ቢሆን፣ ቁስሉ ቢያሳክክሽ፣ ንፋስ ቢረብሽሽ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ለሐኪሙ ንገሪ።

ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። በየቀኑ ነጋ አንድ ቃል ይላክልኝ፤ «ጠጥታለች» ይበል፣ ይበቃኛል።

ኃይሌ


ልደታ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. / ጃንዋሪ 28 ቀን 2026

ለልጄ፣

ነገ አስተርዮ ማርያም ናት፤ ሰፈሩ ከዛሬው በሰው ሞልቷል። በጸሎቷ ከልላ ዓይንህን እንድታሳየኝ እለምናታለሁ።

ከላይ ሁለቱንም ቀን መጻፌን አየህ? ነጋ አረጋግጦልኛል። ከእንግዲህ የፈረንጅ ቁጥር ካየሁ በብዕር አልነካውም፤ መጀመሪያ ሰው እጠራለሁ።

ተቆጣጣሪዋ አያንቱ ትባላለች። ልጅ እግር ናት፤ ጫማዋን አውልቃ ቦት ጫማ ቀይራ ነው የገባችው። ግቢውን ዞረች፣ ላሜራውን አንኳኳች፣ ሳህኖቹን አሸተተች። ከዚያ መዝገቡን ከፍታ ሃያኛው ረድፍ ላይ ቆመች። የምትለውን እየጻፈች ታሳየኝ ነበር።

«ይህን ማን ሰረዘው?»
«እኔ» አልኳት።
«ለምን?»
«መጀመሪያ የዋሸሁትም እኔ ስለሆንኩ።»

ደብተሩን አሳየኋት፤ ሰባት የቀነስኩበትን ነገርኳት። ቁጥሩን ብዙ ጊዜ አየችው። ቀጥላ ከቦርሳዋ የሌሎች ግቢዎችን ቅጽ አወጣችና ማገላበጥ ጀመረች። ሁለቱ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች፤ ረጅም ሰዓት ቆይታ ተመለሰች። «እነዚህም ሰባት ብቻ ነው የቀነሱት» ብላ ጻፈችልኝ።

የሎሚን ሬሳ አስወጡ። ቆይቷል፣ ምርመራው ምንም መናገር አልቻለም። ስለዚህ እብድ ትሁን አትሁን መቼም አናውቅም። አሥራ ዘጠኙ ግን አልተነሱም! ክፍሏ ለብቻ መሆኗን ዶክተር ቶሌሳ መሰከረ፤ እንደገና ከተባቸው። የስድስት ወር ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ እስከዚያ አዲስ እንስሳ አላስገባም፣ እነሱ በየወሩ ይመጣሉ። ውሸቱን በመጻፌ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ይገባኛል። ፈቃዱን ነስረዲን በብረት አስሮ በሩ ላይ ሰቅሎልኛል።

አምስቱን መርፌ ጨርሻለሁ። ሐኪሙ «አሁን ደህና ነዎት» ብሎ አልጻፈልኝም፤ «እንጠብቅ» ነው ያለው። እስከ መቼ ብዬ ብጠይቀው ወራት ቆጠረ። እንግዲህ እጠብቃለሁ። ሌሊት ጉሮሮዬ በደረቀ ቁጥር ልቤ ይቆማል፤ አልዋሽህም፣ መዋሸት ይበቃኛል።

ጠዋት ጠዋት የማደርገውን ልንገርህና ላብቃ። መጀመሪያ ውሾቹን አጠጣለሁ፤ ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ በቁጥራቸው። ከዚያ የሎሚ ክፍል ደጃፍ ላይ ቁጭ እልና ብርጭቆዬን ሞልቼ እቀዳለሁ። ነጋ ሱቁን ሳይከፍት አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ያየኛል።

ዛሬም አሥራ ዘጠኙን ሳህን ሞላሁ። ሃያኛውን ለራሴ ቀዳሁ። እስከ ታች ጠጣሁት።

አክስትህ ትርፌ